እባክዎ አያጨብጭቡልኝ

ለክቡር ሚስተር ጃይልስ ፔምበርተን
የሃስልደን ከተማ ምክር ቤት የነዋሪዎች ጤና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና ቅዳሜ ቅዳሜ ከእጅዎ የማይለየውን የድምፅ ማጉያ ደኅንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ጉሮሮዎ እንዴት ሰንብቷል? በዚያ ዝናብ ውስጥ ስሜን ደጋግመው ሲጠሩ ድምፅዎ ትንሽ የሻከረ መስሎኝ ስለነበር ከልቤ አዝኛለሁ። እኔ ከቀኝ ጉልበቴ፣ ከግራ ቁርጭምጭሚቴና ከክብሬ በቀር በጣም ደህና ነኝ።

እርስዎ እኔን ለማወቅ እንደማይቸገሩ አውቃለሁ፤ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ሰውዬ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ ላይ ለሚያነቡት ወገኖቼ ግን ክሊፎርድ ኦልድሮይድ እባላለሁ። የመኪና መንዳት አስተማሪ ነኝ። ከሃስልደን ነጂዎች ግማሽ ያህሉ ለመጀመሪያ ጊዜ መስቀለኛ መንገድ መሐል ላይ ሞተር የጠፋባቸው እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ነው። እንግዲህ ሥራዬ መቀመጥ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስቀመጥ ስለኖርኩ በዚህ ሙያ የሚወዳደረኝ ሰው በአውራጃው ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ባለፈው የጸደይ ወራት ሐኪማችን የደም ግፊቴን ለክቶ፣ እንደገና ለክቶ፣ ከዚያም ዝም ብሎ በመስኮት ወደ ውጭ ሲያይ ግን ባለቤቴ ግሌኒስ አልወደደችውም። በማግሥቱ ሁለታችንንም ክፍልዎ በሚያካሂደው «ከሶፋ እስከ አምስት ኪሎ ሜትር» በተባለው የጀማሪ ሯጮች ፕሮግራም አስመዘገበችን።

ለዚህ ፕሮግራም ያለኝ ምስጋና ወሰን የለውም። ወሰን ስለሌለውም በቁጥር ከፍዬ ባቀርበው ለእርስዎ ይቀላል ብዬ አሰብኩ።

አንደኛ፤ በስልኬ በኩል ጆሮዬ ውስጥ ስላስገቡልኝ ሴትዮ አመሰግናለሁ። መቼ እንደምሮጥና መቼ እንደምራመድ የምትነግረኝ ይህች ሴት እንዲህ ያለ ቅን ልብ ያላት ፍጡር ስለሆነች ምን እያደረግሁ እንደሆነ ለማየት እንኳ አትጠብቅም። ገና በሁለተኛው ሳምንት፣ የመናፈሻው ኩሬ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነፍሴ እስክትመለስ ስጠብቅ፣ «ድንቅ ነህ! እንደዚሁ ቀጥል!» አለችኝ፤ እኔም ሴትዮዋን ላለማሳዘን እንደዚያው ቀጠልኩ። ዳክዬዎቹ ሳይቀሩ የሰሙብኝ መሰለኝና አንገቴን ደፋሁ። ሰው ሲሰድበኝ መመለስ እችላለሁ፤ ያላደረግሁትን እያነሣ የሚያሞግሰኝን ግን ምን ብዬ እንደምመልስለት እስካሁን አልገባኝም።

ይህን ሁሉ ጊዜ ግሌኒስ ከፊት ናት። ሁለታችንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ጫማ፣ በአንድ ዓይነት እምቢተኛ ጉልበት ነበር የጀመርነው፤ እሷ ግን በሦስተኛው ሳምንት አንድ ነገር ገባትና ሄደች። እኔ ለማረፍ ሰበብ ሲያስፈልገኝ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ አጠብቅ ነበር፤ አንድ ሰው በአንድ ጠዋት ስንት ጊዜ ማሰሪያው ሊፈታበት እንደሚችል ግሌኒስ ለጥቂት ሳምንታት ዝም ብላ ካጠናች በኋላ፣ ለልደቴ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ገዛችልኝ። ስከፍተው ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም፤ ሻይዋን እያማሰለች «ካልወደድከው እንመልሰዋለን» አለች። ወደድኩት አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ አምስተኛው ሳምንት። ክቡር ሆይ፣ በክፍልዎ ውስጥ ያሉት ሊቃውንት በዚህ ሳምንት ማክሰኞ አምስት ደቂቃ፣ ሐሙስ ስምንት ደቂቃ እያስሮጡን፣ በመሐሉም እንደ ሰው እያራመዱን ቆይተው፣ ቅዳሜ ጠዋት ያለ አንዳች ማሳረፊያ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሩጡ ማለታቸው ከምን ዓይነት ጥበብ እንደመነጨ ለማወቅ በትሕትና እመኛለሁ። እኔ አንድን ተማሪ ማክሰኞ መኪና ማቆሚያ ውስጥ አዙሬ፣ ሐሙስ እስከ ዳቦ ቤቱ ወስጄ፣ ቅዳሜ አውራ ጎዳና ላይ ብለቀው፣ የማስተማሪያ ፈቃዴን የሚነጥቀኝ መጀመሪያ የእናንተው ምክር ቤት ይሆን ነበር። ሌሎቹ አባላት እንግዲህ እየተንገዳገዱም ቢሆን አለፉት። እኔ ቀረሁ። የጸደዩ ቡድን ጨርሶ የበጋው ገባ፣ የበጋው ጨርሶ የመከሩ ገባ፤ እኔ አሁንም አምስተኛው ሳምንት ውስጥ ነዋሪ ነኝ። ከስድስተኛው ሳምንት ወዲያ ያለውን አገር ወሬውን የምሰማው ከግሌኒስ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ «ጎበዝ»። በመናፈሻችን ውስጥ ፈጣኑ ሯጭ ዘገምተኛውን ሲያልፈው «ጎበዝ፣ በርታ!» ማለት ወግ ነው፤ እኔም ይህን ወግ ለማክበር ሁሌም ፈቃደኛ ነኝ። ነገር ግን አንድ ሰው በአንድ ዙር ውስጥ ይህን ቃል ከአርባ ሰው፣ ከሁለት ጋሪ ገፊ እናቶችና ከራት በኋላ ለመንሸራሸር የወጡ ከሚመስሉ አንዲት ከዘራ የያዙ አሮጊት ሲሰማ፣ ነገሩ የሐዘን ቤት ጉብኝት መምሰል ይጀምራል። አሮጊቷ እኮ ክቡር ሆይ፣ እኔን እያለፉ ነው «ጎበዝ፣ የኔ ልጅ» ያሉኝ።

ከመናፈሻው ወጥተን በላይኛው መንገድ የምንሮጥባት ቁራጭ መንገድ ደግሞ የተማሪዎቼ መተላለፊያ ናት። ሌክሲ የምትባል፣ ሁለት ጊዜ ፈተና ወድቃ በሦስተኛው ያሳለፍኳት ልጅ አለች። በፈረስ አጠገብ ሲያልፉ ፍጥነት ቀንሶ፣ ሰፊ ቦታ ትቶ፣ እንስሳው እንዳይደነግጥ ሞተር ሳያስጮሁ ማለፍ እንደሚገባ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ባለፈው ወር ከኋላዬ መጥታ መስታወቷን ተመለከተች፣ ምልክት አሳየች፣ ፍጥነቷን ቀነሰች፣ አንድ ሙሉ መኪና የሚያሳልፍ ቦታ ትታልኝ በዝግታ አለፈችና መስኮቷን ዝቅ አድርጋ «ሚስተር ኦልድሮይድ፣ ደህና ነዎት? ላድርስዎት እንዴ?» አለችኝ። አሠራሯ እንከን አልነበረበትም። ሙሉ ነጥብ ሰጥቻት ወደ አጥሩ ዞርኩ፤ ፊቴ እንዴት እንደነደደ እኔና አጥሩ እናውቃለን።

አራተኛ፤ ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ስለ ጭብጨባው። ቅዳሜ ቅዳሜ የመጨረሻው ሰው ሳይገባ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይሄድ፣ ሁሉም መድረሻው ላይ ግራና ቀኝ ተሰልፎ እንዲያጨበጭብለት የደነገጉት እርስዎ መሆንዎን በኩራት ሲናገሩ ሰምቻለሁ። እንዲሁም ማንም «መጨረሻ ወጣሁ» ብሎ እንዳይሳቀቅ አንድ በጎ ፈቃደኛ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ ከሁሉም ኋላ እንዲሄድና ማንንም ቀድሞ እንዳይገባ ደንግገዋል። የኔ ሰደርያ ለባሽ ሚስተር ኔቪል ክራብትሪ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት፣ ባለ መልካም ጠባይ፣ ባለ ቀጭን እግር ሰው። እሳቸው ከኋላዬ ስላሉ መጨረሻ አልባልም። ይህን የሚያምን ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

አሁን የምተርከው በዚያ ዝናባማ ቅዳሜ የሆነውን ነው፤ ከተማው በየፊናው ስላወራው እኔም እውነቱን ብናገር ይሻላል። ሃያውን ደቂቃ እንደገና ሞክሬ፣ እንደገና አቅቶኝ፣ በመጨረሻው መታጠፊያ ብቅ ልል ስል ከዛፎቹ ባሻገር ተሰልፋችሁ አየኋችሁ። ሁሉም እጁን ለጭብጨባ አዘጋጅቷል። ግሌኒስም አለች፤ ፀጉሯ በዝናቡ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። በድንገት እግሬ እምቢ አለኝ። ድካም አልነበረም፤ ዝም ብሎ ማፈር ነው፤ እንዲህ ያለ እፍረት ልጅ ሆኜ ካልሆነ በቀር ይዞኝ አያውቅም። ከመንገዱ ወጣሁና የሣር ማጨጃው ከሚቀመጥበት መጋዘን ጀርባ ተወሸቅሁ፤ ሰዉ ሲበተን ቀስ ብዬ ልወጣ።

ያላሰብኩት ነገር ቢኖር ሚስተር ክራብትሪን ነው። እሳቸው በደንብዎ መሠረት እኔን ቀድመው መግባት ስለማይችሉ ሰደርያቸውን ሰብስበው አጠገቤ መጥተው ቁጢጥ አሉ። ምን እያደረግን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ለጥቂት ጊዜ ከጣሪያው የሚወርደውን ውኃ ስናይ ቆየንና «ትንሽ ካፍያ ነገር ነው» አሉኝ። ዝናቡ እንደ ጉድ እየወረደ ነበር። «አዎ፣ ለቲማቲሙ ግን ጥሩ ነው» አልኳቸው። «የዘንድሮ ቲማቲምማ ተወው፣ ወዳጄ» አሉና ከኪሳቸው የሚንት ከረሜላ አውጥተው ሰጡኝ። ስለ ቲማቲም ለረጅም ጊዜ አወራን። ከዚያ ወዲያ ስለ እርሳቸው እህት የታመመ ዳሌ አወራን።

እናንተ ደግሞ በወዲያ በኩል ቆማችኋል። ደንቡ ደንብ ነውና የመጀመሪያው ሂያጅ መሆን የሚደፍር ሰው አልተገኘም፤ አንዱ ሌላውን እያየ፣ ሁሉም «ኧረ ምንም አይደል፣ እኔ አልቸኩልም» እያለ ዝናቡን ይጠጣል። እኔ እናንተ ካልሄዳችሁ አልወጣም፤ እናንተ እኔ ካልወጣሁ አትሄዱም። በዚህ መሐል የእርስዎ ድምፅ በማጉያው መጣ፤ «ለክሊፎርድ ሳናጨበጭብለት ማንም ንቅንቅ አይልም!» ሲሉ ከዛፎቹ ላይ ቁራዎች ተነሡ። ሚስተር ክራብትሪ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑና ሁለተኛ ከረሜላ ሰጡኝ። በዚህ ዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ ወዳጅነት ይኑር አይኑር አላውቅም።

በመጨረሻ የፈታን የኔ ድፍረት አልነበረም። ሚስተር ክራብትሪ በታላቅ ይቅርታ «ክሊፎርድ፣ አትቀየመኝና ጉልበቴ ተቆልፏል፤ አሁን ካልተነሣሁ የምነሣ አይመስለኝም» አሉኝ። ክንዳቸውን ይዤ አወጣኋቸው፤ ተደጋግፈን መታጠፊያውን ዞርን። በዚያን ጊዜ እርስዎ አምቡላንስ ጠርተው ስለነበር ባለሙያዎቹ ቃሬዛቸውን ይዘው ደርሰዋል፤ እነሱም ነገሩ ሲነገራቸው ቃሬዛውን መሬት አስቀምጠው አጨበጨቡልኝ። ስለ አሳቢነታቸው ምክር ቤቱ ምስጋናዬን ያድርስልኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ የነዳችው ግሌኒስ ናት።  እኔ የመኪናውን መስታወት ጠራጊ ሳይ ቆየሁ። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ነው የተናገረችው፤ «ቀርፋፋ ስለሆንክ አፍሬብህ አላውቅም፣ ክሊፍ። ባሌ ሞቷል ወይስ አፍሯል እያልኩ ከነዚያ ሁሉ ሰዎች ጋር ቆሜ ሳለ ነው ያፈርኩት።»  መብራቱ ተለወጠ፤ አልተነሣችም፤ ከኋላ ያለው መኪናም እንደ ወጋችን ጡሩምባ ሳይነፋ ታገሠን። «ከነሱ መደበቅህ ይገባኛል» አለች፤ «እኔ ግን እዚያው ነበርኩ። ከኔም እኮ ነው የተደበቅከው።»

 ከዚያ ቀን ጀምሮ በእያንዳንዱ ትምህርት ላይ ተማሪው መኪናውን አቁሞ «ልሂድ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ይህ ነገሯ ትዝ እያለኝ «ሂድ» ለማለት ትንሽ እዘገያለሁ።

አምስተኛና የመጨረሻው፤ ሰኞ ዕለት ስለ ደረሰኝ ደብዳቤዎ። በሚያምር ወረቀት፣ በለስላሳ ቃላት፣ «ያጋጠመዎትን ፈተና ግምት ውስጥ በማስገባት» ከሯጮቹ ቡድን ወጥቼ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ወደሚሰበሰበው «ለስላሳ እርምጃ» ወደተባለው የእግር ጉዞ ቡድን እንድዛወር ወስነውልኛል፤ ብስኩትም እንዳለ ገልጸውልኛል። በዚያ ቡድን ውስጥ ያሉትን ወገኖቼን አከብራለሁ፤ ብስኩቱንም አልንቅም። ነገር ግን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ግሌኒስ ዘር መሸጫው ሱቅ ትሠራለች፤ እኔም ያለ እሷ ልደርስበት የምፈልገው ቦታ የለኝም።

እርስዎ ስለማያውቁ ልንገርዎት። ለመኪና አስተማሪ ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ልጆች ትምህርት የላቸውም፣ ወላጆች ይከፍላሉ። በመሆኑም ከተጋባን ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት ግሌኒስ ብቻዋን ነበረች፤ እኔም የሰው ልጅ አጠገብ ተቀምጬ «ቀስ፣ ቀስ፣ ፍሬን» ስል ነበር። የቅዳሜ ትምህርቶቼን የሰረዝኩት ለዚህ ፕሮግራም ስል ነው። በርግጥ አብረን አንሮጥም። ጀርባዋን የማየው ከመነሻው እስከ ኩሬው ድረስ ብቻ ነው፤ ሰማያዊ ጃኬት፣ ትንሽ ወደ ግራ የሚያጋድል አረማመድ፤ ከዚያ ትታጠፋለች። ያቺን ቁራጭ መንገድ ግን እወዳታለሁ። ሳልደብቅ እናገራለሁ፣ በሳምንት ውስጥ እጅግ የምወዳት እሷን ነው። እርስዎ በበጎ ልብ ሊወስዱብኝ የተነሡት እሷን ነው።

ስለዚህ ደብዳቤዎን አንብቤ፣ አክብሬ፣ በሚገባው ቦታ አስቀምጬ፣ ባለፈው ቅዳሜ እንደ ወትሮዬ መጣሁ። አይተውኛል፤ ፈገግ ሊሉልኝ ሞክረዋል። ሃያውን ደቂቃ እንደገና አልቻልኩትም። ከኩሬው ወዲያ ተራመድኩ፣ ከዚያ ሮጥኩ፣ ከዚያ እንደገና ተራመድኩ። የሣር ማጨጃው መጋዘን ጋ ስደርስ ሚስተር ክራብትሪ ከኋላዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ምርጫውን ለኔ እንደተዉት ገባኝ። ፊቴ እየነደደ፣ እግሬን እየጎተትኩ፣ ቀጥ ብዬ አለፍኩት።

አጨበጨባችሁልኝ። ኧረ እንዴት አጨበጨባችሁ! እርስዎማ ማጉያውን በብብትዎ ወሽቀው በሁለት እጅዎ ነበር። በሁለቱ ሰልፍ መካከል ሳልፍ መሬት ብትከፈትልኝ ደስ ባለኝ ነበር፤ ቀና ብዬ ማንንም ማየት አቃተኝ። ከሰልፉ ጫፍ ላይ ስደርስ ግን አንድ ሰማያዊ ጃኬት አየሁ። ግሌኒስ አላጨበጨበችም። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እሷ ብቻ ሁለት እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ ቆማለች፤ ልክ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ እንደምትጠብቀኝ።

«መጣህ?» አለችኝ።

«መጣሁ።»

«በል እንሂድ፣ በርዶኛል።»

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ ፕሮግራም የምፈልገውን በሙሉ በዚያች ደቂቃ አግኝቻለሁ። ስለሆነም የዝውውር ውሳኔዎ ተሽሮ፣ ከቅዳሜዎቹ ሯጮች ጋር፣ በለመድኩት አምስተኛ ሳምንት ውስጥ፣ እስክችለው ወይም እስክሞት ድረስ እንድቆይ ይፈቀድልኝ ዘንድ በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ። ባይፈቀድልኝም መናፈሻው የሕዝብ ስለሆነ እመጣለሁ።

ለጤናችን በመጨነቅ እንቅልፍ ለሚያጣው ክፍልዎ መልካሙን ሁሉ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ቀና ለማለትም በጉልበቴ ምክንያት ትንሽ ጊዜ እየወሰደብኝ፣

የዘወትር አክባሪዎና የመጨረሻው ተከታይዎ፣
ክሊፎርድ ኦልድሮይድ

ማስታወሻ፦ በነዚህ ሁሉ ቅዳሜዎች እርስዎን በማጉያ ሲናገሩ፣ ትኩስ ነገር ሲጠጡና ሲያጨበጭቡ እንጂ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን የመጀመሪያውን ሳምንት ለመጀመር ልብዎ ከተነሣሣ አያፍሩ፤ ይጥሩኝና አብሬዎ እመጣለሁ። ለመነሣት ከሚፈራ ሰው አጠገብ መሆን ሥራዬ ነው። እንዲያርፉ አግዳሚ ወንበሩ የት እንዳለም አሳይዎታለሁ። ሲጨርሱ ግን እንደማላጨበጭብልዎ ከወዲሁ ቃል እገባለሁ።